«አፈር ደረሳት» ብዬ፣ እስከ ቡሬ ለይቅርታ

ወደ ጎጃም የሄድኩት አገር ልይ ብዬ አይደለም፤ ያበላሸሁትን እንዳስተካክል ተልኬ ነው። «በአፍሽ ያጠፋሽውን በእግርሽ ሄደሽ መልሽው» ያለችኝ እናቴ ናት። ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ነገሩ ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። የምጽፈውም አዳማ ተወልዶ አዳማ ላደገ፣ ቡሬን በበርበሬዋ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ጥፋቴን ላስቀድም። አዳማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ፈተናው ጣለኝ፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። የሻለም የአጎቴ ልጅ ናት። አባቷ አያ ልየው የእናቴ ታላቅ ወንድም ሲሆኑ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ያርሳሉ። የሻለም ወደ ምሥራቅ ተመድባ አንደኛ ዓመት ጨረሰች፤ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል የጎጃም መንገድ ተዘጋና እስኪከፈት እኛ ቤት ተቀመጠች። በዚያ መሃል የዲፓርትመንት ምደባ በቴሌግራም ወጣ። እሷ ገበያ ሄዳ ስለነበር ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። አፌ አያርፍም፤ ለአባቷ ላብስር ብዬ ወደ ጎረቤታቸው ስልክ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል። በኃይል ጮኼ «የሻለም አፈር ደረሳት!» አልኩ። ስልኩ ተቋረጠ።

ተማሪ እንዲህ ነው የሚያወራው። «ምን ደረሰሽ?» «አካውንቲንግ ደረሰኝ።» የአፈር ሳይንስ የተመደበ «አፈር ደረሰኝ» ይላል፣ ይሳቅበታል፣ ያልፋል። ቡሬ ገጠር ግን አፈር የሚደርሰው ለሞተ ሰው ነው። ስልኩ እስከ ማግስቱ ማታ አልሠራም። የሻለም እኛ ቤት ሽንኩርት ስትልጥ፣ የእሷ ቤት ሰዎች ለቅሶ ተቀምጠው ነበር።

በሕይወት መኖሯ ሲታወቅ እልልታ ሆነ። መንገዱም ተከፍቶ ሄደች። ከዚያ በኋላ ግን አያ ልየው «ከእንግዲህ የትም አትሄድም» አሉ። ዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ሲጠራ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ካልተመዘገበች ቦታዋን እንደምታጣ ታወቀ። ያን ጊዜ እናቴ ሻንጣዬን አስተካከለች።

ረቡዕ

ከሰዓት ከአዳማ ተነስቼ አዲስ አበባ አደርኩ። ስለ አልጋው የምለው የለኝም፤ ትኋን ነበረው።

ሐሙስ

ሳይነጋ ተሳፈርን። ከጎኔ ወደ ደምበጫ የሚሄዱ አንድ እናት፣ ከፊታችን ደግሞ ደብረ ማርቆስ የጫማ ሱቅ ያለው ሠላሳ ዓመት የሚሞላው ሰውዬ ተቀምጧል። አዳማ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ስልኩ ላይ ይደፋል። እዚህ ፍተሻ ላይ ወርደን እንደገና እስክንሳፈር የሁላችንም ዘር ተቆጥሮ አልቋል።

«አንችስ ምን ተማርሽ?» አሉኝ እናት።

«አልተማርኩም፤ ወድቄ ቀረሁ።»

«ኧረግ፣ እንዲህ ፊት ለፊት ይባላል?» ብለው ሳቁ።

ዓባይ በረሃን ስንወርድ ባለ ጫማው ስለ ገደሉና ስለ ድልድዩ ያስረዳን ጀመር። በቱሪዝም ነው የተመረቀው። እናት፣ «እሱ ፈረንጅ ማስከተል አይደለም እንዴ?» አሉት።

«የእኔም እናት እንዲህ ነው የሚሉት። ቅርስ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ አራት ዓመት ተምሬ ስመለስ፣ በር ላይ ቆመው መንገዱን አዩና ‹ፈረንጆችህ የታሉ?› አሉኝ።»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩን አውቀዋለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው የተመረቀ ሁሉ በእጁ ያልፋል። ሳይኮሎጂ ያጠናች ደንበኛ አለችኝ፤ ሰው ሁሉ «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይላታል። «ብልጥ ጥያቄ የጠየቅህ መስሎህ ነው» ትላለች። ሕግ የተማረው ደንበኛዬ አክስቱ በተጣሉ ቁጥር «ዋሽልኝ» ብለው ይጠሩታል። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ሲጠግን ይውላል፤ ስልክ መጠገን ግን አልተማረም። እኔ ሲቪያቸውን እየተየብኩ ከሁሉም ጋር ስቄያለሁ፤ አንዱንም «ምንድን ነው የተማርከው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ጅጋ ስንደርስ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። አዳማ ቢሆን ሹፌሩ ተሰድቦ፣ ግማሹ ሰው ሌላ መኪና ፍለጋ ተበታትኖ ነበር። እዚህ ሁሉም ወረደና ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። ገበያ ውለው በእግራቸው ወደየአገራቸው የሚመለሱ ገበሬዎች እየቆሙ «ምነው? ምን ሆናችሁ?» ይሉናል፤ አንዱ እንዲያውም የማያውቀውን ሞተር ጎንበስ ብሎ አይቶ «አይዞህ» ብሎት ሄደ። አንዲት ባለ ሱቅ በርጩማዋን አውጥታ ሰጠችኝ፤ የበቆሎ እሸት ጠብሳ አመጣችልኝ። ልክፈል ስል ተቆጣች፤ «መንገደኛ ነሽ፤ መንገደኛ የእግዜር ነው» አለች። ሦስት ሰዓት ቆየን።

ፍኖተ ሰላም የገባነው አመሻሹ ላይ ነው። ስሟ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ወገቤ ተቆርጦ ነበርና ሰላሙ አልታየኝም። ያደርኩት የእናቴ አብሮ አደግ እትየ ጥሩየ ዘንድ ነው። ለእግሬ ውኃ አሞቁልኝ፤ ስንት ዓመት ሙሉ የታጠብኩትን እግር እንደ አዲስ አጠቡልኝ። እንቢ ብል አልሰማ አሉ። ከእራት በኋላ ዝናብ መጣ፤ ጣሪያው እኔ ከምተኛበት በላይ ማፍሰስ ጀመረ።

«ልጀ መሐንዲስ ነው» አሉ፣ ጎድጓዳ ሳህን ከአልጋው አጠገብ እያኖሩ። «አምስት ዓመት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ብሎ ተምሮ ይችን ቀዳዳ አልደፈነልኝም። ‹እማየ፣ እኔ የተማርኩት ድልድይ ነው› ይለኛል። ድልድይ ያቆመ ሰው ቆርቆሮ ያቅተዋል?»

«ድልድይ ሠራ?»

«የታል ድልድዩ! ሥራ ፍለጋ ላይ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ጎበዝ ነበር። እኔ ምን እንደተማረ ሳላውቅ ነው የምነዘንዘው» አሉ።

ጠዋት ስነሳ በእሳቸው አልጋ ላይ ነኝ። በእንቅልፍ ልቤ ቦታ አቀያይረውን፣ እሳቸው ከሚያፈሰው ሥር ተኝተው አድረዋል።

ዓርብ

ቡሬ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ጥቂት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ባጃጁ «ከዚህ በላይ ጭቃው አያሳልፈኝም» ብሎ አወረደኝ። እኛ አገር አቧራ ነው፤ ነፋስ ያመጣዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል። የዚህ አገር ቀይ ጭቃ ግን ይዞ አይለቅም። አዲስ ነጭ ስኒከር አድርጌ ነበር የሄድኩት። መቶ እርምጃ ሳልሄድ የአንዱ ሶል ተላቆ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

የሻለም ልትቀበለኝ መጥታ አገኘችኝ። ኮንጎ ጫማ አድርጋለች፤ እሱ ፕላስቲክ ነው፣ ታጥቦ እንደ አዲስ ይሆናል። አቀፈችኝና ወደ እግሬ አየች።

«በነጭ ጫማ? ሰርግ ጠርተንሽ ነው?»

«ተቆጥተሽኛል?»

«ስሞት አልቅሰውልኛል። ስንት ሰው የራሱን ለቅሶ ያያል?» ብላ ሶሌን ፈልፍላ አወጣችው። ጭቃውን ስታራግፍ ትንሽ ቆንጥራ በጣቶቿ መሃል አሽታ አየችው፤ ሌላ ሰው ጨው እንደሚቀምስ ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

ቤት ስንደርስ እናቷ እትየ እናኑ ከበር ወጥተው ተጠመጠሙብኝ። ሻሻቸው ሸርተት ሲል አየሁት። ፀጉራቸው ጣት አያህልም። ለልጃቸው ለቅሶ ተላጭተው ነበር፤ ገና እያደገ ነው።

መግቢያው ጠፋኝ። ምን ይባላል? እንጀራው ቀርቦ፣ የድንች ወጡ ፈሶበት፣ እትየ እናኑ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፌ እያመጡ «አፈር ስሆን፣ ብይ» አሉኝ። በጎጃም ሰው ሲለምኑ እንዲህ ነው የሚሉት፤ እናቴም ትለዋለች፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን አለቀስኩ። እሳቸው ደግሞ የበርበሬው መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ።

አያ ልየው ከእርሻ ሲመለሱ ስለ እናቴ፣ ስለ ጎረቤቶቻችን፣ ስለ መንገዱ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ስለ መጣሁበት ጉዳይ አንድ ቃል አልወጣቸውም። አዳማ ቢሆን ሰው ከበር ጀምሮ ይጮህብኛል፤ ጮኾ ይወጣለታል። የእሳቸው ዝምታ ግን ከእኔ ጋር ገብቶ ተኛ።

ቅዳሜ

ጠዋት መሪጌታ ጥበቡ መጡ። ጎረቤት ናቸው፤ በደብሩ ቅኔ ያስተምራሉ፤ የደወልኩትም በእሳቸው ስልክ ነበር። ተነስቼ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ።

«ተይ ልጀ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። የቅኔ መምህር ነኝ፤ ሁልጊዜ ተማሪዎቼን ‹ሰሙን ትታችሁ ወርቁን ፈልጉ› እላለሁ። አንች አፈር ስትይኝ ግን ወርቁን ሳልፈልግ ሰሙን ይዤ ሮጥኩ።»

እትየ እናኑ እንኳ ሳቁ። አያ ልየው አልሳቁም። የያዙትን የጅራፍ ቆዳ እየገመዱ በቀስታ እንዲህ አሉ፦

«ሰምና ወርቁ ይቅር። እኔ አፈርን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ አርሶት ገብቶበታል፤ እኔም አርሼው እገባበታለሁ። ልጅ ወደ ትምህርት የሚላከው ከአፈር እንዲወጣ ነው። ሀኪም ትሁን ብየ ላክኋት፤ ወደ አፈር መለሷት። ለዚህ ለዚህማ እዚሁ ማረሻ አለኝ።»

ልረዳ ፈልጌ አፌን ከፈትኩ። «አያ ልየው፣ ልክ ነዎት፣ እሷም ፈልጋ አይደለም። ውጤት ሲያንስ የሚመደቡበት ነው። ዋናው ዲግሪው ነው፤ ተመርቃ ሌላ ሥራ ትይዛለች። ባንክ እንኳ ልትገባ ትችላለች።»

የሻለም ገብስ እያበጠረች ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«አልደረሰኝም» አለች።

«ምኑ?» አልኳት።

«አፈሩ። አልደረሰኝም። መርጬ ነው። ቅጹ ላይ አንደኛ ብዬ የሞላሁት እሱን ነው። ነርሲንግም መሙላት እችል ነበር፤ ውጤቴ ይበቃል።»

አዳማ ምደባው ሲወጣ እናቴ «አይዞሽ» ብላ አቅፋታለች፤ እኔም «ከምንም ይሻላል» ብያታለሁ። የሻለም ያን ቀን ዝም ያለችው ከፍቷት ነው ብለን ነበር። ለካ እንኳን ደስ ያለሽ የሚላት ሰው ጠፍቶ ነው።

«መርጠሽ?» አሉ አያ ልየው። ሞተች በተባለ ቀንም ከዚህ በላይ የደነገጡ አልመሰለኝም። «ሀኪም መሆን እየቻልሽ፣ መርጠሽ?»

«አባባ፣ የላይኛውን ማሳ ባህር ዛፍ የተከሉበት ዕለት ከጎተራው ኋላ ቆመው አልቅሰዋል። አይቼዎታለሁ። ስንዴው በየዓመቱ እየገረጣ ሲያንስ እግዜር ተቆጣን ተባለ። ከወረዳ የመጡት ‹ኮምጥጧል› ብለው ሄዱ። ለምን ኮመጠጠ ብሎ የነገረን ሰው የለም። እኔ ያንን ነው የምማረው። ማረስ አይደለም የሚያስተምሩኝ፤ ማረስማ ከእርስዎ በላይ ማን ያስተምረኛል።»

«ለምን ኮመጠጠ ታዲያ?» አሉ መሪጌታ።

«ቃር በሉት። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ሆዱን የሚያበርድለትን ነገር እያጠበ ይወስድበታል። ኖራ ሲሰጡት ቃሩ ይበርድለታል። ምን ያህል እንደሚሰጡት ግን ለክተው ነው፤ እንዲሁ ከበተኑበት ድካም ነው።»

«አፈር ቃር ያዘው!» አሉ መሪጌታ፣ እንደ ጥሩ ቅኔ ደጋግመው እያጣጣሙት።

አያ ልየው ጅራፉን አስቀምጠው ወደ በሬዎቹ ሄዱ። ለምሳም አልተመለሱም።

እኔ ከሰዓት በኋላ ገብሱን ሳበጥር ዋልኩ፤ አልችልበትም፣ ግማሹን ለዶሮ ደፋሁት። አንድ ነገር ግን ከራሴ አልወጣ አለ። እኛ ሁሉን ነገር «ደረሰኝ» ነው የምንለው። ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፣ ወረፋ ደረሰኝ፣ ትምህርት ደረሰኝ። የደረሰህን መጥላት ትችላለህ፤ ማንም አይወቅስህም፤ አንተ አላመጣኸውም። የመረጥከው ግን ያንተ ነው፤ ቢከሽፍም ያንተ ነው። የሻለም አፏን የዘጋችው ለዚህ ነው። እኔም ፈተና ከወደቅሁ ወዲህ ሁለት ዓመት «አልደረሰኝም» ስል ከርሜያለሁ። ምን እፈልግ እንደነበር የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም መልስ የለኝም።

ሲመሽ አያ ልየው ገቡ። የተናገሩት ለእኔ ነው።

«ለእኔ ይቅርታ አያስፈልገኝም፤ የእህቴ ልጅ ነሽ። ነገር ግን ሰው ሥራውን ፈትቶ ልጀን አልቅሶልኛል። በኋላ ሕያው ስትሆን አፈርኩ። እስከ ዛሬ ‹ያች አፈር የደረሳት› ይሏታል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ተነስተሽ አንችው ንገሪያቸው።»

«ከዚያ ትሄዳለች?»

«ነገ ነገ ነው» አሉ።

እሑድ

ሰንበቴ ማለት ማኅበርተኛው በየተራው ዳቦና ጠላ ይዞ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም አብሮ የሚቀምስበት ነው። አዳማም አለ፤ እናቴ ታውቀዋለች፤ እኔ ዳቦውን ብቻ ነው የማውቀው። ሰዉ ከዛፉ ሥር ተደርድሮ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን። መሪጌታ «እንግዳ አለችን፤ ቃል አላት» አሉና ተነሳሁ።

እኔ መናኸሪያ ሙሉ ሰው ፊት ከሹፌር ጋር የምጣላ ሴት ነኝ። እዚያ ግን የነጠላዬን ጫፍ እየጠመዘዝኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«የሻለም ሞተች ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ማለቴ አላልኩም፤ ግን ያስባልኩት እኔ ነኝ። የተመደበችበትን ትምህርት በአቋራጭ ጠርቼ ነው። እናንተን አስለቀስኩ፤ እናቷን አስላጨሁ። ይቅር በሉኝ።»

ከሴቶቹ መሃል አንዲት አሮጊት ጣታቸውን ቀሰሩ። «እኔ ወንዝ ተሻግሬ ነው ያለቀስኩት። እንባየን ማን ይመልስልኛል?»

«ለእኔ ያዙት» አሉ መሪጌታ። «የእኔም ቀን ሩቅ አይደለም።»

ሳቁ ከሽማግሌዎቹ ተነስቶ እስከ ቅጥሩ ደረሰ። «እግዜር ይፍታሽ» አሉኝ፤ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ብለውም የሻለምን መረቋት። ያለቀ መስሎኝ ልቀመጥ ስል አንድ ጎልማሳ ከኋላ ተናገረ።

«ለመሆኑ አፈር ተምራ ምን ልትሆን ነው? አርሶ አደር በዲግሪ?»

«ወድቃ ነዋ» አለ ሌላው። «ውጤት ያጣውን ነው እዚያ የሚጥሉት፤ የእኔም ወንድም ልጅ ታሪክ ላይ ጥለውታል።»

የሻለም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። መልስ ነበረኝ፤ ስለ ኖራው፣ ስለ ቃሩ፣ ስለ ውጤቷ፤ ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። ገና አፌን ስከፍት አያ ልየው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። አልተነሱም፤ ድምፃቸውንም አልጨመሩም።

«አልጣሏትም» አሉ። «መርጣ ነው።»

ከዚያ ዋንጫውን አንስተው ጠጡ።

ሰኞ

የሻለም ረቡዕ ዕለት ተመዝግባለች፤ ማወቅ ለሚፈልግ። እኔ ግን የምጨርሰው ቡሬ መናኸሪያ ላይ ነው።

አያ ልየው ሻንጣዋን ተሸክመው እስከ መኪናው ሸኙን። በመንገድ ላይ ስለ በቆሎው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው አንካሳ እግር አወሩ። እኔ በእትየ እናኑ ኮንጎ ጫማ ነበር የምራመደው፤ ስኒከሬን እዚያው ትቼዋለሁ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሹፌሩ ሲገባ፣ አያ ልየው በመስኮቱ በኩል ወደ የሻለም ጠጋ አሉ።

«ባህር ዛፉ ለቆረጣ ሲደርስ ከላይኛው ማሳ አንድ ቃዳ መሬት ላንች ነው። ኖራም ስጭው፣ የፈለግሽውን አድርጊው። ሁሉን አልሰጥሽም፤ እኔም የምበላው አለኝ።»

የሻለም እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ካበቀለ ላገር ንገሪ» አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ካላበቀለ ግን ለዚች እንዳትነግሪያት።»